አሥራ አንዱ ሲኒ

ደሴ ላይ ቡና ጠጪ ሲኒ አጥቶ ቆሞ ከታየ ሲኒ ተወዶ አይደለም፤ ሲኒዎቹ ተሰልፈው ነው። ፒያሳም ይሁን ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ረከቦቱ ላይ ከነበሩት 12 ሲኒዎች 11ዱ ተነሥተው ጎረምሶቹ ፊት ባለው የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ እንደ ኳስ ቡድን 4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ቆመዋል። ግብ ጠባቂዋ ሲኒ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ አጥቂዋ ፈንዲሻው ሳህን ሥር። የስኳር ማንኪያው ኳስ ነው። ከንፈሯ የተሸረፈችው ሲኒ ምንጊዜም የግራ ተመላላሽ (በመስመሩ የምትወጣ የምትገባ ተከላካይ) ናት፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ባለ ቡናዋ እጇን ስትዘረጋ «አብሽሪ እታለም፣ አንድ ማጥቃት ብቻ!» ትባላለች። ያቺ አንድ ማጥቃት ከአቦል ተነሥታ በረካ ላይ ብታልቅ ጥሩ ነው። ጨዋታው ማታ 12 ሰዓት ሆኖ ክርክሩ የሚጀመረው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

የሰሞኑ ክርክር «ቡድናችን እንዴት ያጥቃ?» የሚል ነው። «ቡድናችን» የሚሉት የሚደግፉትን የእንግሊዝ ክለብ ነው። ማንኪያው ከግብ ጠባቂዋ ይነሣና ቀኝ ተመላላሽዋ ጋ ይደርሳል። የቀኝ መስመር አጥቂዋ ግራኝ ናትና ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ተመላላሽዋ በውጭ በኩል ዞራ ታልፋታለች፤ ማንኪያው ፈንዲሻው ድረስ ሄዶ ወደ ኋላ ይቀነሳል፤ አማካይዋ ደርሳ ጎል! በሲኒ የተጀመረ ማጥቃት እስካሁን ከሽፎ አያውቅም። በምን ይከሽፋል? ተጋጣሚ እኮ የለም። አሥራ አንዱም ሲኒ የእኛ ነው። አሥራ ሁለተኛዋ ሌላ ደንበኛ እጅ ላይ ግማሽ ቡና ይዛ ትታያለች፤ ሌላው ቡድን በሙሉ እሷ ናት።

የሚያናድደው ይሄ ነው። ሲኒው ሲኒ ነው፣ ታጥቦ ይመለሳል። ግን ወሎ እኮ አበጋር፣ የደም አስታራቂ ሽማግሌ፣ ያለው አገር ነው! አበጋር ደም ሊያደርቅ ሲቀመጥ ገዳይ ወገንንም ሟች ወገንንም ይሰማል፤ አንዱን ብቻ ሰምቶ «ታርቀዋል፣ ተነሡ» አይልም። የዚያ አገር ልጅ ኳስ ላይ ሲደርስ ሌላውን ወገን ከጠረጴዛው አውርዶ ለብቻው ይፈርዳል። ኳስ ላይ ብቻም አይደለም። ባጃጅ ሊገዛ የሚያስበውን ሰው ስሙት፦ በቀን ይህን ያህል ምልልስ፣ በምልልስ ይህን ያህል ብር፣ በዓመቱ ሁለተኛ ባጃጅ። የቤንዚን ሰልፉ የታለ? ጎማው? ሌሎቹ ባጃጆች? እነሱ ሲኒ አልደረሳቸውም።

ለመሆኑ ያ ማጥቃት ሜዳ ላይ ምን ይፈልጋል? ግራኙ አጥቂ ወደ ውስጥ ሲገባ ተከላካዩ ግራ እግሩን ፈርቶ አብሮት ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ከመስመሩ ጋ ያለው መንገድ ይከፈታል። ተመላላሹ በዚያ ለማለፍ ሩጫውን ኳሷ ሳትለቀቅለት መጀመር አለበት። ከዘገየ የተጋጣሚው የመስመር አጥቂ ወርዶ ይዘጋበታል፤ ከቸኮለ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል፣ ወይም ተከላካዩ ነገሩ ገብቶት መሐል ላይ ቆሞ ሁለቱንም ይጠብቃል። ተመላላሹ ባይመጣስ? ግራኙ ብቻውን በሁለት ሰው ይከበባል፣ መውጫ ሲያጣ ኳሷን ያሻማታል፣ ግብ ጠባቂው እንደ ብርቱካን ይለቅማታል። ወደ ኋላ የምትቀነሰዋም ኳስ የትም ተልካ አትሠራም። ፍፁም ቅጣት ምት መምቻው አካባቢ፣ ከግቡ 11 ሜትር ግድም ላይ ነው መድረስ ያለባት፤ ምክንያቱም ተከላካዮቹ ወደ ራሳቸው ግብ እየሮጡ ነው፣ በዚያ ፍጥነት ዞረው መመለስ አይችሉም። ከዚያ ቀረብ ካለች የግብ ጠባቂው ናት፣ ከራቀች የመልሶ ማጥቃት መነሻ ናት።

ጎረምሶቹ ታዲያ ይቺን ኳስ እንዲያገባ ሁለቱንም አማካይ ይልካሉ። ከዚያ ሦስተኛውን። ከዚያ «ለምን የመሐል ተከላካዩ አይጨመርም?» የሚል አይጠፋም። አሁን ትልልቆቹ ቡድኖች ሲያጠቁ ከፊት አምስት ሰው ያሰፋሉ፦ ሁለት በመስመሮቹ፣ ሁለት በተጋጣሚው ተመላላሾችና በመሐል ተከላካዮቹ መካከል፣ አንድ መሐል ላይ። ሌሎቹ አምስቱ ኋላ ይቀራሉ፤ ሦስት ተከላካይ፣ ከፊታቸው ሁለት። ቀሪዎቹ አምስት ሥራ ፈት አይደሉም፤ ኳሷ በተነጠቀች ቅጽበት የመጀመሪያዋን ቅብብል የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ስድስተኛው ሰው ከሄደ መሐል ሜዳ ላይ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ ጎሉ የሚቆጠረውም በዚያ በኩል ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ይመስላል። ከአበው ተረት ሁሉ ይቺን የምወድበት ምክንያት አለኝ፦ አትሩጡ አትልም። መታጠቁን ትጠይቃለች እንጂ ሩጫውን አትከለክልም። መቀነት የታጠቀ ሰው ያውቃታል፤ ቆመህ፣ ሁለት ሦስቴ ጠምጥመህ፣ ጫፉን ሸጉጠህ ነው። እየሮጥክ የጠመጠምከው መንገድ ላይ ተፈቶ እግርህን ያስርሃል። ዛሬ ዛሬ መቀነት የሚታጠቅ ስለጠፋ ይሆን ተረቷ የጠፋችው? አሁንማ ሁሉ በላስቲክ ሆኗል፤ ላስቲክ አይፈታም፣ ዝም ብሎ ይረግባል።

ምን እያልኩ ነበር? አምስቱ አጥቂዎች። ይሄን 3-2-5 አዲስ ግኝት አድርገው ሲያወሩት ጥግ የተቀመጡት አዛውንት ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግ ማለታቸው ልክ ነው። በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የከጨዋታ ውጪ ሕግ ተለወጠ፦ ቀድሞ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚ ያስፈልግ የነበረው ሁለት እንዲበቃ ተደረገ። አጥቂዎች ነፃነት ሲያገኙ ጎል ዘነበ። የአርሴናሉ ኸርበርት ቻፕማን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በኒውካስል 7 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ አንዱን አማካይ ወደ ኋላ ጎትቶ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። ዳብሊው ኤም የተባለው አሰላለፍ ይኸው ነው፦ ሦስት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ፣ ከዚያ በሁለት ረድፍ አምስት አጥቂ። ልጆቹ «ዘመናዊ» የሚሉት መቶ ዓመት ሆኖታል። (አዛውንቱም በዚህ አያበቁም፤ ወዲያው ወደ 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ይሻገራሉ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ወደረታንበት፣ ወደነ መንግሥቱ ወርቁና ሉቺያኖ ቫሳሎ። እውነት ነው፣ ዋንጫው የእኛ ነው። ግን የዚያን ጊዜ ውድድር አራት ቡድን ብቻ እንደነበረው እሳቸውም አይነግሩንም። እሳቸውም ሲኒ ይደብቃሉ።)

ደግሞስ ወሎ ሆኖ በቁጥር መከራከር! ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም የሆኑበት አገር እኮ ነው። ማሲንቆ ያለው አንድ ጅማት ነው፤ በዚያች አንድ ጅማት ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም ይወጣል። ጅማቱን ቆጥሮ «ይሄ አምባሰል ነው» የሚል ሰው ደሴ ላይ ቢገኝ መናፈሻ ወስደው ያስጎበኙታል። አሰላለፍም እንዲያው ነው። 4-3-3 ተብሎ የተጻፈው ቡድን ኳስ ሲይዝ 3-2-5፣ ኳስ ሲያጣ 4-5-1 ወይም 4-4-2 ይሆናል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ጅማቱ ነው፤ ጣቱ ሌላ ነው። ሲኒ ግን ጣት የላትም፤ ካስቀመጧት አትነቃነቅም።

ይሄ ሁሉ የታክቲክ ጥናት ለምን መጣ ቢባል በነፃ አልመጣም። ኪስ ውስጥ ትኬት አለ። ውርርድ ቤት ሲገባ ያልተመረቀ አሠልጣኝ የለም። አሥር ጨዋታ ይመረጣል፣ አሥሩም «የተረጋገጡ»። እሺ፣ በጣም አዋቂ ይሁን፤ እያንዳንዱን ጨዋታ ከመቶ 70 ያህል ጊዜ ያግኘው እንበል። አሥሩንም አንድ ላይ የሚያገኘው ከመቶ ትኬት ሦስቱን እንኳ አይሞላም፤ 70 በመቶን አሥር ጊዜ በራሱ አባዙትና እዩት። የሚያሳብደው ደግሞ ከዚያው መቶ ትኬት 12 ያህሉ በአንድ ጨዋታ ብቻ ይወድቃሉ። ለዚህ ነው «አንድ ቡድን ነው ያበላሸብኝ፣ ለትንሽ!» የማይለው ሰው የሌለው። ለትንሽ መሳት የሚያሳየው የውርርዱን አሠራር እንጂ የእሱን ችሎታ አይደለም፤ ባለ ውርርዱም ይቺን ያውቃታል፣ ቤቷም የቆመችው በዚያች ላይ ነው። ወንድሜ ግን «ለትንሽ»ዋን ይዞ በሳምንቱ ይመለሳል፤ የታክስና የትራንስፖርት ብሩን ጭምር። በዚህ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም። እቤት ውስጥ ያለችው ሴት ለዘይት የተወችውን ብር ስትፈልግ፣ እሷም ሲኒ ያልደረሳት ተጋጣሚ ናት።

የቡድኑ ተስፋስ? እሱ አጭር ነው። አርሴናል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2022/23፣ በ2023/24 እና በ2024/25 በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ፤ የደሴ ደጋፊው ሦስቱንም ዓመት በነሐሴ ዋንጫውን አንሥቶ ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024/25 ከ20 ቡድን 15ኛ ሲሆን «ሦስት ተከላካይ ነው የገደለን» ተባለ፤ ሦስቱ ሲኒዎች ወደ አራት ከፍ ተደረጉ፣ ነገሩ ጠረጴዛው ላይ ወዲያው ተስተካከለ።

ይሄው ትንታኔ ቅዳሜ ጧት ሆጤ ሜዳ ሲወርድ ደግሞ አደገኛ ይሆናል። «ጫና ፍጠሩ! ለምን ትቆማላችሁ?» እያለ ከዳር የሚጮኸው ሰው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን ረስቷል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም እንደዚያው። ከኮምቦልቻ የመጣው ቡድን በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ነው ሜዳ የገባው። 90 ደቂቃ ሙሉ የሚጫን ሰው 60ኛው ላይ የጦሳን ተራራ ሁለት ሆኖ ያየዋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ኳስም አልፎ ይሄዳል፤ ተሻጋሪዋ ከታሰበው ሰው ራስ በላይ ወጥታ ውጪ ትወድቃለች። ይሄን የሚያውቀው ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ነው። እሱን ግን ስሙን የሚያውቅለት የለም፤ የለንደኑን ተመላላሽ የጅማት ጉዳት ግን የትኛው እግሩ እንደሆነ ጭምር ይነግሩሃል።

ወደ ሲኒው ልመለስ፤ ቶናው አልቋል። ባለ ቡናዋ ጀበናውን አዘንብላ ቆማለች፣ ሦስት ደንበኛ ይጠብቃል። «ልጆች፣ በነቢ፣ ሲኒዬን!» ትላለች። «አብሽሪ እታለም፣ ግብ ልናገባ ነው!» እሷ ግን አልጠበቀችም፤ እጇን ሰድዳ የቀረበቻትን፣ ከንፈሯ የተሸረፈችውን የግራ ተመላላሽ አነሣችና ለቅልቃ በረካውን ቀዳችበት። ጠረጴዛው ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ማንኪያውን የያዘው ልጅ አሥሩን ሲኒዎች አየት አድርጎ የመሐል ተከላካይዋን ወደ ግራ ገፋ አደረጋት።

«እንግዲህ በሦስት ተከላካይ ነው የምንጫወተው» አለ።