ማስተካከያ፦ በኦዋስፕ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የአባልነት ክፍያ ግዴታ አይደለም

የሶፍትዌር ደኅንነትን ለማሻሻል በሚሠራው ኦዋስፕ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል በቅድሚያ የአባልነት ክፍያ መፈጸም ግዴታ እንደሆነ ቀደም ሲል የተሰራጨው መረጃ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተውና በ2004 በአሜሪካ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሆነው ይህ ማኅበረሰብ ፕሮጀክቶቹንና የአካባቢ ቅርንጫፎቹን ስብሰባዎች ፍላጎት ላለው ሁሉ ክፍት ያደረገ ሲሆን፣ ክፍያው በዋናነት የሚያስገኘው በቦርድ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብትን ነው። የቦርዱ አባላት ራሳቸውም የሚያገለግሉት ያለ ደመወዝ ነው።

በዚያው መረጃ ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው ቦታ እንደሌለው መገለጹ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ምክንያቱም ሊረዱ የሚችሉ ብዙ ሰዎችን ያለ አግባብ ያርቃል። አስሩን ዋና ዋና የዌብ መተግበሪያ አደጋዎች የሚዘረዝረው የታወቀው የኦዋስፕ ሰነድ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የሚመለሰው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ መመሪያዎችን ማረምና ስብሰባ ማዘጋጀትም እንዲሁ እውነተኛ አገልግሎት ነው። የደኅንነት ፍተሻ ሙያን መለማመድ የሚፈልጉ ጀማሪዎች ሆን ተብሎ የደኅንነት ክፍተት እንዲኖረው የተሠራውን ጁስ ሾፕ የተባለውን መተግበሪያ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጭነው መሞከር ይችላሉ።

በጎ ፈቃደኛ መሆን ግን የሌላን ሰው ድረ ገጽ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለመፈተሽ መብት አይሰጥም።