አራት ብሎን

ባለአራት ጎማዋን ሞተር ሳይክሌን በጥቅምት፣ የሚኒሶታ በረዶ ሳይጥል ጋራዥ ውስጥ ከተትኳት፤ በሚያዝያ ላስነሳት ብል አሻፈረኝ አለች። ካንዴላዋን ፈታሁ፣ ብልጭታ አለው። ባትሪው ሙሉ ነው። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ቤንዚኑን ከካርቡራተሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ከሚያደባልቀው ክፍል፣ ሳላንጠፈጥፍ ስድስት ወር አቆምኳት። የቆመ ቤንዚን ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ እሱ ነው ቀጭኗን የነዳጅ ማለፊያ የደፈናት።

እሺ፣ ይህስ ይጸዳል። እኔን ያቃጠለኝ የካርቡራተሩን የታችኛውን ሳህን የያዙት አራት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው! የጃፓን ሞተሮች ብሎን አናቱ የተለመደውን መስቀል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የራሱ የጃፓን ልክ አለው። ተራ ካቻቢቴ እስከ ታች አይገባለትም፤ ሲጠመዘዝ ይንሸራተትና አናቱን ይልጠዋል። ይህን የተረዳሁት ሦስተኛውን ከላጥኩ በኋላ ነው። ለመሆኑ በመመሪያው ላይ አንድ መስመር መጨመር ስንት ጠብታ ቀለም ይፈጃል? «ብሎኖቹን ይፍቱ» ይላል። በቃ! አሁን ብሎኑን በፒንሳ ነክሼ ስታገል ጣቴን ልጫለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ «ለመካኒክ ብትሰጣት ኖሮ» ትለኛለች።