ኢቶን አትርሱት

ስለ አድ ሳንቴልና ስለ ጁዶ ተፋላሚዎች ግጥሚያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የካች ሬስሊንግ (ባላጋራን ጥሎና ቆልፎ እጅ የሚያሰጥ የትግል ዓይነት) ተፋላሚው ሳንቴል እ.ኤ.አ. በ1916 ጃፓናዊውን የጁዶ ተፋላሚ ቶኩጎሮ ኢቶን ስላሸነፈ ብቻ ጽሑፉ «ካች ሬስሊንግ ጁዶን ረታ» ብሎ መደምደሙ ፍትሃዊ አይደለም።

ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። በዓመቱ መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሳንቴል ኢቶን አንስቶ መሬት ላይ ሲፈጠፍጠው ኢቶ መቀጠል አቃተው። ሳንቴልም ራሱን የዓለም የጁዶ ሻምፒዮን ብሎ ሾመ። ወራት ሳይቆዩ ሁለቱ ድጋሚ ተገናኙ። በዚህኛው ኢቶ አንቆ አሸነፈው። ሁለተኛው ግጥሚያ ለምን ተዘለለ? ያለ እሱ የመጀመሪያው ግማሽ ወሬ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. የ1921ዱ ግጥሚያ ነው። ሳንቴል ጃፓን ድረስ ሄዶ ቶኪዮ በሚገኘው በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ተጋጠመ። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖና የእሱ የጁዶ ትምህርት ቤት ኮዶካን ነገሩን አጥብቀው ተቃወሙ። ጁዶ ለገንዘብ የሚታይ ትርኢት እንዲሆን አልፈለጉም። የካኖ ስጋት ይገባኛል፤ የዚያን ጊዜ የሬስሊንግ ዓለም ውርርድና አስቀድሞ የተቀናበረ ውጤት የሞላበት ነበር።

ቢሆንም የጁዶ ተፋላሚዎቹ ናጋታና ሾጂ ቅጣት እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ወጡ። ናጋታን ሳንቴል ጭንቅላቱን ቆልፎ ይዞ እስኪያቅተው ጨመቀው። ከሾጂ ጋር ግን ሳይሸናነፉ ተለያዩ። ጁዶን ያስከበሩት እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። አዘጋጆቹ ስለ ሁለቱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ብታወጡልን ደስ ይለኛል።