ስቶክ ከተማ ቤት ከገዛችሁ ኑሩበት

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሎንዶን ውስጥ በተደረገ የሐበሾች ስብሰባ ላይ ቤት የሚያሻሽጥ አንድ ወንድማችን ማይክ ይዞ ያስረዳል። «እናንተ ሎንዶን ተከራይታችሁ ኑሩ። ለሎንዶን ቤት ባጠራቀማችሁት ቅድመ ክፍያ (ዲፖዚት) ስቶክ ሦስት ቤት ግዙና አከራዩ። እዚያ መኖር የሚፈልግ የለም፤ ቤቱ ግን ገንዘብ ይወልዳል» ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ። በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ ከመጀመሪያው መልሼ አየሁት። በደንብ ሰምቻለሁ።

የምኖረው እዚያችው ስቶክ ኦን ትሬንት የምትባል የመካከለኛው እንግሊዝ ከተማ፣ በርስለም ውስጥ ሚድልፖርት በሚባለው ሰፈር ነው። ቤቴን በ2017 የገዛሁት እዚሁ ነው፤ የማድረውም እዚሁ ነው። «መኖር የሚፈልግ የለም» ሲባል እኔም፣ ጎረቤቶቼም፣ ከልጄ ጋር ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆችም ከሰው ቁጥር ወጣን ማለት ነው።

እስኪ ንግግሩን እንየው። መኖር የሚፈልግ ከሌለ ኪራዩን የሚከፍለው ማን ነው? በየወሩ አከራዩ አካውንት የሚገባው ገንዘብ ከሰው ኪስ ነው የሚወጣው። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ከሚያድር ሰው፣ አረጋውያንን አጥባና አልብሳ ጠዋት በአውቶብስ ከምትመለስ ሴት። እነዚህ ሰዎች ኪራይ ሲከፍሉ አሉ፣ መኖሪያቸው ሲነሳ ግን የሉም? ይህንን በአደባባይ መናገር ያሳፍራል። ማጨብጨብም ያሳፍራል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ወንድማችን ቤት የሚለው ነገር እዚህ አገር ምን እንደሚመስል የገባው አይመስለኝም። የስቶክ ቤት ብቻውን አይቆምም። ቴራስ ነው። ሃያና ሠላሳ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ የተሠራ የቀይ ጡብ ረድፍ ነው። ግድግዳው የጋራ ነው። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይቀጥላል። ከጓሮ በስተኋላ ያለችው ጠባብ መተላለፊያም የሁሉም ናት። ሰፈሩ ሲሠራ ሠራተኛው በእግሩ ወደ ፖትባንኩ፣ ማለትም ወደ ሸክላ ፋብሪካው፣ እንዲደርስ ተብሎ ነው። እኛ ጋ ያለው ሚድልፖርት ፖተሪ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከቦዩ ዳር የተሠራ ነው፤ ዛሬም ሳህን ይሠራበታል። ሌሎቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ቤቶቹ ግን አሁንም እንደተደጋገፉ ናቸው።

እንዲህ ያለ ረድፍ ውስጥ አንድ ቤት ባለቤቱ ከራቀው ሁሉም ይታመማል። ይህንን ከጥናት አልተማርኩትም፤ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው ያየሁት። ከጎኔ ያለው ቤት ባለቤት ደቡብ እንግሊዝ የሚኖር ሰው ነው። መልኩን አይቼ አላውቅም። የውሃ መውረጃው በቅጠል ተደፈነ። ዝናቡ በጡቡ ውስጥ ሰርጎ ወደ እኔ መጣ። ቤቱን የሚያስተዳድርለትን ኤጀንት ደወልኩለት፣ ጻፍኩለት፣ ፎቶ ላክሁለት። «ለባለቤቱ አስተላልፈናል» ይሉኛል። ሁለት ክረምት አለፈ። መሰላል አቁሞ ቅጠሉን መጥረግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እዚያ ቤት የሚኖር ባለቤት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ይጨርሰው ነበር፤ የሚረጥበው የራሱም ግድግዳ ነውና።

ከግድግዳው ማዶ የነበሩት ደግሞ ከኤርትራ የመጡ ባልና ሚስት ከጨቅላ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ሻጋታው ከእኔ ይልቅ እነሱ ጋ ነበር የባሰው። ሚስትየው በየሳምንቱ በክሎሪን ትፈትገዋለች፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይጠቁራል። በመጨረሻ ለቀው ሄዱ። ከእነሱ በኋላ ሌሎች ገቡ፤ እነሱም ወጡ። ሰው በወጣ ቁጥር አንድ ፍራሽ መተላለፊያዋ ላይ ይጣላል። ፍራሽ ባለበት ሌላው ቆሻሻውን ይጨምራል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ባለቤቱ ከሩቅ አገር ኪራይ ብቻ የሚለቅም መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አጥሩም ተነቅንቆ ወድቋል።

ይህ የአንድ ጎረቤት ጉዳይ አይደለም። የእነዚህ ከተሞች ታሪክ ራሱ ይኸው ነው። የሸክላ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ሲዘጉ፣ የከሰል ጉድጓዶች ሲዘጉ፣ ሼልተን ባር የሚባለው የብረት ፋብሪካ በ2000 ጨርሶ ሲቆም የቤት ዋጋ ወደቀ። ዋጋ ሲወድቅ ቤቱን ሳያዩ በጅምላ የሚገዙ መጡ። ቀጥሎ በ2002 መንግሥት ፓዝፋይንደር የተባለውን የቤት ገበያ ማነቃቂያ ፕሮግራም ይዞ መጣና በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ በዘጠኝ አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አፈረሰ። በ2011 ገንዘቡ ተቋረጠ። ሚድልፖርት ውስጥም ቤት የነበረበት ቦታ ባዶ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ሚኒስትሮቹም ያኔ የሚያወሩት እንደ ወንድማችን ስለ ገበያ ነበር።

አሁን ደግሞ የተሳካውን ተመልከቱ። በ2013 የስቶክ ካውንስል፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ኮብሪጅ በሚባለው ሰፈር ውስጥ 33 ባዶ ቤቶችን እያንዳንዳቸውን በአንድ ፓውንድ ሸጠ። አልተሳሳትኩም፣ በአንድ ፓውንድ። ለማደሻ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ የሚመለስ ብድር ሰጠ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አመለከቱ። መኖር የሚፈልግ የለም በተባለበት ከተማ! ዋናው ቁም ነገር ግን ዋጋው አልነበረም። የገዛ ሰው ራሱ ገብቶ ለዓመታት ሊኖርበት ግዴታ ነበረበት። እነዚያን መንገዶች ያዳናቸው ያ ግዴታ ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ያው ቤት ያንጊዜ በአንድ ፓውንድ ለአከራይ ተሰጥቶ ቢሆን ዛሬ እንደገና ባዶ ነበር።

ገንዘብ ገንዘብ ለሚል ደግሞ የገንዘቡንም ልንገረው። ቤት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ለመኖሪያው የሚገዛው ቤት እስከ 300 ሺህ ፓውንድ ከሆነ ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለውን የቤት መግዣ ግብር አይከፍልም። አንዴ ለኪራይ ብሎ ስቶክ ከገዛ ግን ያ መብት ለዘላለም ሄደ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲገዛ ተጨማሪ 5 በመቶ ይጣልበታል፤ የ90 ሺህ ቤት ላይ 4,500 ፓውንድ ነው። ነገ ሎንዶን ለራሱ የ400 ሺህ ቤት ልግዛ ቢል፣ የመጀመሪያ ገዢ 5 ሺህ በሚከፍልበት ቤት ስቶክ ያሉትን ይዞ 30 ሺህ ይከፍላል። ይህንን ከመድረኩ ሲናገር አልሰማሁም። በ2025 የጸደቀውን የተከራዮች መብት ሕግም አላነሳም። ሕጉ ተከራይን ያለ ምክንያት ውጣ ማለትን ያስቀራል። ከሎንዶን ሆኖ በስልክ ቤት ማስተዳደር ከእንግዲህ ቀላል አይሆንም። ደግ አደረገ ሕጉ።

የከበደውን አልደብቅም። የቤት ዋጋ እዚህ እንደ ሎንዶን አይሮጥም፤ ደህና ደመወዝ ያለው ሥራም እንደ ልብ አይገኝም። እሱን አምናለሁ።

ግን እኔ በ68 ሺህ ፓውንድ የገዛሁት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዲፖዚቱ የእቁብ ገንዘብ ነበር። ጠበቃዋ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ እቁብ ምን እንደሆነ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ አስረዳኋት። ከቤቱ ሥር የድሮ የከሰል ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ሪፖርት ለብቻው ተገዛ፤ እዚህ ከተማ ያለዚያ ቤት አይገዛም። ቁልፉን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ከወዲያኛው ጎን ያሉ አንዲት እናት በሬን አንኳኩ። የእጅ መንሻቸው ኦትኬክ ነበር። ከአጃ ሊጥ የሚቦካ፣ ምጣድ ላይ የሚፈስ፣ ዐይን ያለው ነገር። ትንሽ እንጀራ ነው! ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። ሲኒውን ጠጥተው ሲጨርሱ ገልብጠው ከሥሩ የተጻፈውን አነበቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖትባንክ ውስጥ ሳህን ሲስሉ ነው የኖሩት፤ ስቶክ ውስጥ ሰው ዕቃ ሳይገለብጥ አይጠጣም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ እዚሁ የተሠሩ ሁለት ኩባያዎች ይዘውልኝ መጡ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት አገር ቤት ስሰማው ነው ያደግሁት። ትርጉሙን ያየሁት ግን ሎንዶን አልነበረም። እዚያ አምስት ዓመት ያህል ተከራይቼ ስኖር የአንድ ጎረቤት ስም አላውቅም ነበር። እኚህ እናት ልጄ በታመመ ሌሊት በቤት ልብሳቸው መጥተው አብረውኝ ያደሩ ሰው ናቸው። ወንድማችን «መኖር የሚፈልግ የለም» ያለው ስለ እሳቸው ነው።

ሎንዶን በአንድ ክፍል ሦስት ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ለእናንተ ሌላ ምክር አለኝ። ሦስት ቤት አትግዙ። አንድ ግዙና ዕቃችሁን ጭናችሁ ኑ። ስቶክ ብቻ አይደለችም፤ በርንሊም፣ ሚድልስብሮም እንዲሁ ናቸው። በሳምንት ቀን መጥታችሁ እዩ። በዝናብ ቀን እዩ። መተላለፊያዋን ዞራችሁ እዩ፤ ከጎንና ከጎን ማን እንደሚኖር አንኳኩታችሁ ጠይቁ። ኤጀንቱ ይህንን አይነግራችሁም።

ከጎኔ ያለው ቤት ትናንት እንደገና ለሽያጭ ወጣ። ሰሌዳው ላይ «ለኢንቨስተር ምቹ» ይላል። ወንድማችን ደንበኛ ይዞ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ የእኔን በር ያንኳኳ። እርጥበቱ ያለበትን ግድግዳ አሳያቸዋለሁ። መሰላልም አለኝ።