ማስተካከያ፦ የኤቨርግራንድ 300 ቢሊዮን ዶላር ሁሉ የረጅም ጊዜ ብድር አይደለም
ባለፈው ሳምንት ስለ ቻይናው ሪል እስቴት ኩባንያ ስጽፍ «300 ቢሊዮን ዶላር የረጅም ጊዜ ብድር ነበረበት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

ቁጥሩ ጠቅላላ ዕዳው ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 መጨረሻ 1.97 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ። እዚያ ውስጥ ያልተከፈላቸው ዕቃ አቅራቢዎችና ሥራ ተቋራጮች አሉ፣ ቤቱ ሳያልቅ ብሩን ቀድሞ የከፈለ ገዢም አለ፤ እሱ የሚጠብቀው ወለድ ሳይሆን የቤቱን ቁልፍ ነው። ወለድ የሚታሰብበት ብድር 572 ቢሊዮን ዩዋን አካባቢ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው። ከዚያ ብድር ወደ 240 ቢሊዮን የሚጠጋው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል ነበር፣ በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ 87 ቢሊዮን ገደማ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለአምስት ዓመት የተወሰደ ብድር እንኳ የመጨረሻው ዓመት ላይ ሲደርስ ወደ አጭር ጊዜ ዕዳ ይዛወራል፤ ስለዚህ «የረጅም ጊዜ» የሚለውን መስመር ብቻ አይታችሁ አክሲዮን አትግዙ። ከሂሳብ መግለጫው ጀርባ ባለው ማብራሪያ ውስጥ ብድሩ በየዓመቱ ስንት እንደሚከፈል የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። እኔም መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ እሱን ነው።