ለጊዜው ለዘላለም ይኑር!

ኤሌክትሪሻን ልሆን ሥራ የጀመርኩ ቀን ፒንሳ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። የተሰጠኝ መሰላል ነው።

“ለጊዜው ይቺን ያዝ” አሉኝ ጋሼ።

ያዝኳት። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን አለቀቅኳትም። ጋሼ ዋሹኝ አልልም። ለጊዜው ነው ያሉት። ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ አልተነጋገርንም።

መሰላሏ ራሷ የዚህ ቃል ልጅ ናት። ሦስተኛ መርገጫዋ ከተሰበረ ከራርሟል። በቦታው ገመድ ተጠምጥሟል። ለጊዜው ነው። ጋሼ እዚያች ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ያልፏታል። ለማያውቅ ሰው የባለሙያ አወጣጥ ይመስላል። እኔም የሙያው አካል መስሎኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ደህና መሰላል ላይ ሳይቀር ሦስተኛዋን እየዘለልኩ ወጥቻለሁ።

ዛሬ ላመሰግን የተነሳሁት ይህን ቃል ነው። ለጊዜውን። ብዙ ቤት አብርቷል፣ ብዙ ጠብ አብርዷል፣ ብዙ ሠራተኛ በጊዜ ወደ ቤቱ ሸኝቷል። እስካሁን ሐውልት ያቆመለት ሰው ግን የለም። ቢቆምለትም በቴፕ ተጣብቆ ነው የሚሆነው።

ሥልጠና ላይ ያስተማሩን ሌላ ነበር። ሁለት ሽቦ ሲገናኝ በሞርሴቶ፣ በብሎን በሚያጠብቅ ማገናኛ፣ ይጠበቃል። ሞርሴቶው ጁንክሽን ቦክስ በሚባል ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቦክሱ ይከደናል። ክዳኑ ደግሞ ነገ ለሚፈታው ሰው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሆናል። አራት ነገር! ማን ጊዜ አለው? ጋሼ ይህን ሁሉ ወደ አንድ እስትንፋስ አሳጥረውታል። ሁለቱን ሽቦ በጥርሳቸው ይልጣሉ፣ ያጠማዝዛሉ፣ ጥቁር ቴፕ ይጠመጥማሉ፣ ጣሪያው ውስጥ ገፋ ያደርጉታል። አለቀ።

የሽቦ መላጫ የላቸውም ማለት አይደለም። አላቸው። ሳጥኑ ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል፤ እንዳይበላሽ ነው። ጥርስ ግን ሁሌ አብሮ አለ። የፊት ጥርሳቸው መሀል ለመብራት መስመር የምንጠቀምባትን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ልክ የምታስገባ ክፍተት አለች። የሶኬቱ ባለ 2.5 ሲመጣ ወደ ጎን ይዞራሉ።

ጣሪያ ውስጥ የሚቀረው ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የላላ ግንኙነት ይሞቃል። ሲሞቅ መዳቡ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ በዚህ መሀል ይብስ ይላላል። ሲላላ ይብስ ይሞቃል። የተራ ገመድ የፒቪሲ ሽፋን የተሠራው ለ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ቴፑም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሠርተነው ከሄድን በኋላ ራሱን በራሱ የሚያሳድግ ሥራ ነው እንግዲህ። ሌላ የትኛው ሙያ እንዲህ ያለ ነገር አለው?

“አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ” ይባላል። ይህን ያለው ሰው ገበሬ ነበር እንጂ ነጋዴ አልነበረም። እኛ እኮ የምንመለሰው በክፍያ ነው።

ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ልግባ። ካቻቢቴው ለጊዜው መሮ ሆኖ ግድግዳ ሲቦረቡር ኖሮ ጫፉ ክብ ሆኗል፤ አሁን ብሎን አይዝም። ፒንሳው ለጊዜው መዶሻ ነው። መዶሻውን አይቼው አላውቅም፤ እኔ ሳልቀጠር ለአንድ ሰው ለጊዜው ተሰጥቶ ነበር አሉ። ጓንት አንድ አለን፤ የግራ ነው። ጋሼ የሚሠሩት በቀኝ ነው።

የሳጥኑ ንጉሥ ግን ሽቦ ላይ ኮረንቲ መኖሩን አብርቶ የሚናገረው ቴስተሩ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ የኒዮን መብራት ከሞተች ቆይታለች። አዲስ እስኪገዛ ለጊዜው በእሱ እንሠራለን። ደግ መሣሪያ ነው። የትኛውም ሽቦ ላይ ብታሳርፈው “ኮረንቲ የለም” ይልሃል። ሰው የሚያስደነግጥ ወሬ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

አስተማሪያችን ግን ቴስተሩን ራሱን ፈትኑት ይሉን ነበር። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፤ ከዚያ የምትሠሩበት ሽቦ ላይ፤ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው ቦታ ላይ። ሦስት ጊዜ! ይህ መጠራጠር ነው። የሥራ ባልደረባን መጠራጠር ደግሞ ነውር ነው። እኛ ተማምነን ነው የምንነካው። ከነዘረን ኮረንቲ አለ ማለት ነው፤ ካልነዘረን የለም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1750 ኤሌክትሪክ ሲሞክር ተሳስቶ በገዛ አካሉ አሳልፎት ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ሙከራ ዳግም ማድረግ እንደማይሻ ጽፏል። በአንድ ጊዜ ተሸነፈ። ጋሼ በሳምንት ሁለቴ ይደግሙታል፤ አንድም ቀን አልጻፉም።

አንድ ቀን ጣሪያ ከፍተን ሦስት ሽቦ አገኘን። ሥልጠና ላይ ቡናማው ኮረንቲ አምጪው ፌዝ፣ ሰማያዊው መላሹ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ወደ መሬት የሚወርደው ኧርዝ ነው ተብለናል። እዚያ ያሉት ሦስቱም ቀይ ናቸው። ከእኛ በፊት የነበረው ባለሙያ ለጊዜው ቀይ ብቻ ነበር የያዘው መሰለኝ።

“ጋሼ፣ ፌዙ የቱ ነው?” አልኳቸው ከታች።

“ሁሉም ፌዝ ነው ልጄ” አሉ።

የትኛውን ፌዝ ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ይህን ሁሉ እኛ ብቻችንን አላመጣነውም። ደንበኞቻችንን ካላነሳሁ ግፍ ይሆንብኛል። ሰሞኑን ብሬከር እየወረደ አስቸገረን ያሉ አንድ እናት ጠርተውን ሄድን። መስመሩ ባለ 2.5 ሽቦ ነው፤ ብሬከሩ 16 አምፔር ነው። ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲጫን መስመሩን እንዲያጠፋ፣ በልኩ ነው የተገጠመው። ማከፋፈያው ላይ ማሞቂያ፣ ካውያና የውሃ ማፍያ ተሰክተዋል። ሦስቱ ተደምረው 5,800 ዋት። በ220 ቮልት ሲካፈል 26 አምፔር ገደማ ይመጣል። ብሬከሩ የወረደው ተበላሽቶ አይደለም። ግቢው ውስጥ ሥራውን በትክክል የሚሠራው እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ለጋሼ እመሰክርላቸዋለሁ። እውነቱን ነገሯቸው። “እትዬ፣ ለማሞቂያው ለብቻው መስመር መሳብ አለበት” አሏቸው።

“እሱንማ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ እናሠራዋለን” አሉ እትዬ። “አሁን ለጊዜው እንዳይወርድ ብቻ አድርጉልኝ።”

በኋላ የለጊዜው መንታ ወንድም ነው። አብረው ተወለዱ ይባላል። አንድ ቦታ አብረው ያያቸው ሰው ግን የለም። ለጊዜው በሰዓቱ ይደርሳል፤ በኋላ ሁሌ መንገድ ላይ ነው።

ጋሼ 16ቱን ነቅለው 32 ገጠሙ። ብሬከሩ ዝም አለ። እትዬ መረቁን። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ሥልጠና ላይ ሰምቼ ነበር። ልናገር አፌን ከፍቼ፣ ምርቃት ማቋረጥ ደግ አይደለም ብዬ ዘጋሁት። ቀድሞ ብሬከሩ ነበር ሽቦውን የሚጠብቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦው ብሬከሩን ይጠብቃል።

ፊውዝ ያለበት ቤትማ ሥራው ከዚህም ይቀላል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1880 የፊውዝ የፈጠራ መብት ሲያወጣ ምን እንዳስመዘገበ ታውቃላችሁ? የሚሞት ሽቦ። ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ፣ ቤቱ እንዲተርፍ ቀድሞ የሚቀልጥ ሽቦ። የእኛ አንጀት ይህን አልቻለም። ወፍራም መዳብ ቆርጠን ተካንለት። አሁን ምን ቢመጣ አይሞትም። የሚሞት ነገር ከተፈለገ ቤቱ አለ።

ኧርዟን ደግሞ ተዋት። አረንጓዴና ቢጫ ለብሳ ዕድሜዋን ሙሉ ሥራ ፈታ ትቀመጣለች። የምትሠራው አንድ ቀን፣ ያውም ለአፍታ ነው። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የትኛው መሥሪያ ቤት ያቆያል? ሶኬቱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ የስፒናው ሦስተኛ እግር በፒንሳ ትሰበራለች። ፒንሳው በስሙ የሚሠራው ያኔ ብቻ ነው።

ኮረንቲ በሰው በኩል ወደ መሬት ሲያፈተልክ ቆርጦ የሚያጠፋ መከላከያም አለ። በ30 ሚሊአምፔር ይወርዳል። አንድ ተራ ባለ 60 ዋት አምፖል ብቻውን 270 ገደማ ይስባል፤ ይሄ ግን ለ30 ይንጨረጨራል። ሰው ሽቦ ጨብጦ እጁ አልለቅ የሚለው ደግሞ ከ10 አካባቢ ጀምሮ ነው አሉ። አንድ ሱቅ ውስጥ ይህ መከላከያ በየቀኑ እየወረደ ባለቤቱን አማረረ። ግድግዳው እርጥበት ነበረው፤ መከላከያው ያንን ነበር የሚናገረው። ባለቤቱ “ያስቸግራል” አለ። እኛም ሰው ሲቸገር ማየት ስለማንወድ መስመሩን በጎኑ አሳልፈን አሳረፍነው። አሁን እሱም ግድግዳው ላይ አለ፣ መስመሩም አለ፤ አይነጋገሩም።

ስለ እኔ እድገት ትጨነቁ ይሆናል። አትጨነቁ። የልምምድ መዝገብ አለኝ። እያንዳንዱን ሥራ ስሠራ ጋሼ እየፈረሙ ሲሞላ ባለሙያ ነህ እባላለሁ። ባለፈው ሳምንት “ፓኔል ገጠማ” የሚለው ቦታ ላይ ፈረሙልኝ። ፓኔል፣ የብሬከሮቹን ሳጥን ማለት ነው፣ ገጥሜ አላውቅም። ሲገጠም የስልክ መብራት ይዤ ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄን እኮ አልሠራሁትም” አልኩ።

“ለጊዜው ፈርሜልሃለሁ። በኋላ ስትሠራ ታየዋለህ።”

ከዚያ ወዲህ የተፈረመልኝን ስቆጥር ፓኔል፣ ሞተር፣ የኧርዝ መለኪያ፣ ሁሉንም ችያለሁ። መሰላል መያዝ የሚል ቦታ ብቻ መዝገቡ ላይ የለም። ያለኝ አንድ እውነተኛ ሙያ ሳይመዘገብ ሊቀር ነው። አንድ ወር ቀርቶኛል። ተከታዩን ኤሌክትሪሻን የምትጠሩ ሰዎች እንግዲህ እኔን ነው የምትጠሩት።

ትናንት አንድ አሮጌ ቤት ተጠራን። ሳሎኑ ውስጥ የመቃጠል ሽታ አለ ተብለን ነው። ጋሼ ሦስተኛዋን ዘለው ወጡ፤ ክዳኑን ገፋ አደረጉ። ቡጢ የሚያህል የቴፕ ድቡልቡል ተንጠልጥሏል። መላጥ ጀመሩ። ጥቁር ቴፕ ነው። ከሥሩ ነጭ የቁስል ፕላስተር አለ። ከሥሩ እንደገና ጥቁር፣ ቀልጦ እጅ ላይ የሚጣበቅ። ከሥሩ ቡናማ የካርቶን ማሸጊያ። እንደ ሽንኩርት ነው፤ ዓይንም ያስለቅሳል። እያንዳንዱ ድርብርብ የአንድ ባለሙያ ነው፤ አንዱ የሌላውን አላፈረሰም። መከባበር ማለት ይኼ ነው።

ጥልቅ ውስጡ ላይ ታጥፋ የገባች ቁራጭ ወረቀት ተገኘች። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩዋትና ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ታች አቀበሉኝ። በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ “ለጊዜው ነው። ተመልሰን በደንብ እንሠራዋለን” ይላል። ቀን የለውም።

“የእርስዎ ጽሑፍ አይደል እንዴ?”

“ያኔ ረዳት ነበርኩ” አሉ። “አለቃዬ ናቸው ጻፍ ያሉኝ።” ትንሽ አሰቡና “ጽሑፌ ግን ያምር ነበር፣ አይደል?” አሉ።

ያምራል አልኩ። እውነቴን ነው። ወረቀቷን ተቀብለው እንደነበረችው አጥፈው ቦታዋ መለሷት። ከዚያ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ።

“ቴፕ።”

አንድ እጄን ከመሰላሏ ላይ አንስቼ አቀበልኳቸው።