ቆመው ለሚሰበሰቡ ምስጋና

ስብሰባ የሚያበዛ የመንግሥት ቢሮ ብቻ የሚመስለው ካለ ጎሮን አላየም። ከአይሲቲ ፓርኩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከታች ኬክ ቤት ከላይ የሶፍትዌር ድርጅት ባለበት ፎቅ ላይ፣ አጃይል የሚባል የሶፍትዌር አሠራር ዘዴ በረከት ሆኖ ወርዷል። የድሮ ሰው ተቀምጦ ይሰበሰብ ነበር፤ እነዚህ ቆመው ይሰበሰባሉ። ሥልጣኔ ይሏል እንዲህ ነው።

ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ በታክሲ ሰልፍ ቆመው የመጡ እግሮች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክብ ሠርተው እንደገና ይቆማሉ። «ትናንት ሎጊን ገጹን እየሠራሁ ነበር፣ ዛሬም እቀጥላለሁ፣ እንቅፋት የለብኝም» ይላል አንዱ። ሰኞም ይህንኑ ብሏል። ልብ በሉ፣ ይህን ሲል መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ የለውም። እንዲህ ያለ እምነት ከየት ይገኛል? ስክረም የሚባለው የአጃይል ስልት በመመሪያው 15 ደቂቃ ብሎ የወሰነው ስብሰባ ሃምሳ ሲሞላው የሚያጉረመርም የለም፤ ምን ሊሠራ ተቀምጦ!

የአጃይልን ማኒፌስቶ የጻፉት 17 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ውስጥ፣ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ተገናኝተው፣ ከሂደትና ከመሣሪያ ይልቅ ሰውን፣ ከተንዛዛ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌርን እናስቀድማለን አሉ። የእኛዎቹ ይህን አክብረው የአንዲት በተን ቀለም ለመለወጥ ጂራ በሚባለው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ላይ ሦስት ቲኬት (የሥራ መዝገብ) ይከፍታሉ። ዕቅድ ከመከተል ለለውጥ ምላሽ መስጠት ይበልጣል የሚለውን ግን፣ ሐሜት ይቅርና፣ አንድም ሳያጎድሉ ፈጽመውታል፤ ሥራ አስኪያጁ እሑድ ሠርግ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የወረወረለትን ሐሳብ ሰኞ ስፕሪንት (አጭር የሥራ ዙር) ያደርገዋል።

የስክረምን ሥርዓት የሚያስጠብቀው ስክረም ማስተሩማ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሠርተፍኬቱን በፍሬም ሰቅሏል። ስፕሪንት ሲያልቅ ተለጣፊ ወረቀት ያድላል። ምን ጥሩ ነበር? «መግባባታችን።» ምን ይሻሻል? «መግባባታችን።» ጭብጨባ።

ደንበኛዋ ሰሚት ላይ ፋርማሲ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል ብለው ቢጠይቁ በቀን ሳይሆን በሥራው ክብደት መለኪያ «ስምንት ፖይንት» ተባሉ። ከሁሉ የሚደነቀው ጥበብ ይህ ነው፤ በቀን ቃል የገባ ይያዛል፣ በፖይንት የገባን ማን ይይዘዋል? የተሠራው ለደንበኛ በሚታይበት በዴሞው ቀን «ታዲያ ደረሰኝ ያትማል?» አሉ።

«በሚቀጥለው ስፕሪንት፣ እትዬ።»

«እስከዚያ በደብተሬ ልጻፍ?»

የስክረም ማስተሩ ፊት በራ። ለደብተሩም ቲኬት ከፈተላቸው፤ ሦስት ፖይንት።